ባለ ሁለት ጓጉንቸሩ በር

የማዘጋጃ ቤቱ ግምጃ ቤት በተቃጠለ በማግስቱ ጠዋት፣ ኢንስፔክተሩ ከሬሳው አስቀድሞ ያየው በሩን ነበር። እሳት አደጋዎች ከነመቃኑ ነቅለው ጭቃው ላይ ጥለውታል። ሁለቱ ጓጉንቸሮች ግን ጥላሸት ከመልበሳቸው በቀር እንደተቆለፉ ናቸው።

«ከውጭ ነው የተቆለፈው?»

«ከውጭ ነው፤ ሁለቱም። ሟቹ በየት በኩል እንደገባ እንግዲህ እሱው ይንገረን» አለ ሳጅኑ። ሳጅኑ ሬሳ ፊት ካልቀለደ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ኢንስፔክተሩም ለምዶታልና ወደ ሬሳው አለፈ።

ሟቹ የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ነበር። ከተማው «አባ ንቁ» ይለዋል፤ ንቁ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ ቆሞ ማንቀላፋት የሚችል ብቸኛው የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ነው። የተገኘው ከኋላው ግድግዳ ሥር ተኮራምቶ ነው። ከራሱ በላይ ያለው ቆርቆሮ ከውስጥ ወደ ውጭ ተጎድጉዷል፤ ሰውየው እስኪደክመው ደብድቦታል ማለት ነው። ሁለት ክንድ ያህል ፈንጠር ብሎ ደግሞ ሚስማሩ የወለቀ ቆርቆሮ አለ፤ ገፋ ሲያደርጉት ቀጭን ሰው ያሳልፋል። በጭሱ ውስጥ ቀዳዳውን ስቶት ነው የሞተው።

«መግቢያውን አገኘንለት። መውጫው ነው የጠፋው» አለ ሳጅኑ፤ በዚህኛው ግን እሱም አልሳቀም።

በሩ ሁለት ጓጉንቸር ያለው ያለ ነገር አይደለም። ድሮ ማዘጋጃ ቤቱ የገዛው ሲሚንቶ በባለሥልጣን ቤት አጥር ላይ ይገኝ ነበር፤ የገዛው ቧንቧም የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀር ነበር። ነዋሪው አንገፍግፎት ጮኸና ደንብ ወጣ። አንዱን ቁልፍ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ኃላፊ ይይዛል፣ ሌላውን ነዋሪው የመረጠው ተወካይ። አንዳቸው ያለ አንዳቸው አይከፍቱም። ዕቃ ሲገባ ሕዝብ ቆሞ እያየ ተወካይዋ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ንብረት ኃላፊው ይደግማል፣ የተቆጠረው በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከሌላ ከተማ ሰዎች መጥተው «እንዴት ብትሠሩት ነው?» ብለው የጠየቁበት ደንብ ነው።

ተወካይዋ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናት። ከተማው «እትዬ ሚዛን» ይላታል። ኢንስፔክተሩ ግን «እትዬ» ብቻ ነው የሚላት፤ ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አብልታ፣ አልብሳ፣ ቆንጥጣም ያሳደገችው እሷ ናት።

ከውስጥ የተቃጠለው ደግሞ ከተማው ዓመት ሙሉ የጠበቀው ዕቃ ነው፣ የውሃ ቆጣሪ። ነዋሪው ለውሃ የሚከፍለው በግምት ነበርና ባልቴቷም ሆነች ባለ ሆቴሉ የሚከፍሉት ገማቹ ደስ ያለውን ያህል ነበር። በመጪው እሑድ ካርቶኖቹ አደባባይ ላይ ተከፍተው ለየቤቱ ሊታደሉ ነበር።

የመጀመሪያዋ ምስክር ከግምጃ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሴት ነበረች።

«ሲመሻሽ ነው» አለች። «ዝናቡ አባርቶ ዕቃ ወደ ውስጥ እያስገባሁ ነበር። መጀመሪያ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ። ነፋስ ነው ብዬ ተውኩት፤ ነፋስ ነው ብዬ!» አፏን በእጇ ያዘች።

«እንግዳ ሰው አላየሽም? የሚሮጥ፣ የሚደበቅ?»

«ኧረ በፍጹም። እንግዳ ሰውማ ቢያልፍ ዓይኔ አያመልጠውም ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ጻፈው። እንግዳ ሰው የለም።

ማምሻውን እንደ ልማዱ እትዬ ዘንድ ጎራ አለ። የሻይ ብርጭቆውን ወደሱ ገፋችለትና መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች።

«ምን አገኘህ ማሙሽ?» አለችው። ጠጉሩ ገብስማ ሆኖ እንኳ ለሷ ማሙሽ ነው።

ስለ ወለቀው ቆርቆሮ ነገራት። ለሷ ያልነገረው የሥራ ጉዳይ ኖሮ አያውቅም፤ የተተበተበ ነገር ሁሉ እሷ ፊት ሲያወራው ይፈታለት ነበር።

እትዬ ጥቂት አሰበች። «ምስኪን» አለች። «ቸግሮት ይሆናላ። ከዚያች ቀዳዳ እየገባ ጥቂት ጥቂት ሲያወጣ ሻማው ወድቆበት ይሆናል። ለነገሩ ሞቷል፤ ምን ያደርጋል አሁን እሱን መውቀስ።»

ነገሩ ልክ ይመስል ነበር። በማግስቱ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያወራው ጀመር። ከየት እንደወጣ አልታወቀም፤ ብቻ አባ ንቁ ሌባ ሆኖ ዋለ። ሚስቱ ጣቢያ ድረስ መጣች። አላለቀሰችም። ያገኘችውን ጥቁር ልብስ ለብሳ ቆማ ነበር፤ ቁጭ በይ ቢላትም እምቢ አለች።

«ጌታዬ፣ ባሌ እንቅልፋም ነው። ይህን እኔም ስለው ነው የኖርሁት። ዝናብ ሲበረታ በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ጆንያ ላይ ጋደም ይላል። ግን ሌባ አይደለም። ቤታችንን መጥተው ይዩት፤ የተሰረቀ ዕቃ ቀርቶ የተገዛም የለንም። ሻማ አሉ? እሳት እንዴት እንደሚፈራ። ልጅ ሆኖ ተቃጥሎ ክንዱ ጠባሳ ነበር፤ ክብሪት እንኳ እኔ ነኝ የምጭርለት።» ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበች። «ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው ጠፋ። ልጆቼ የሌባ ልጆች ተባሉ። ሌላ አልጠይቅዎትም፤ ስሙን ብቻ ይመልሱልኝ።»

ኢንስፔክተሩ ቃል አልገባላትም። ግን ተነሥቶ ሳጅኑን አስከትሎ ወደ አመዱ ተመለሰ።

በሩ ከነበረበት ከውስጥ በኩል፣ ልክ መግቢያው ላይ፣ የላምባ ቆርቆሮ ነበር። ባዶ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ አጠገቡ ወድቋል። እሳቱ በጣም የበላውም እዚያው በር አካባቢ ነው። ሟቹ ደግሞ የተገኘው ከዚያኛው ጥግ ነው።

«እስቲ አስበው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሰውየው በር ላይ ላምባ ደፍቶ፣ ለኩሶ፣ ከዚያ ሄዶ ጥግ ይዞ ተኛ?»

«አባ ንቁ እንደሆነ መተኛቱን አልጠራጠርም» አለ ሳጅኑ። «ግን ክብሪቱስ የታል?»

አልነበረም። ኢንስፔክተሩ ቆጣሪዎቹ ወደተደረደሩበት አለፈና አመዱን በዱላ ይገልጥ ጀመር። ካርቶን ይቃጠላል። የቆጣሪ መስተዋት ይፈነዳል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ሆዱ ግን ናስ ነው። ናስ ደግሞ ቢጠቁር፣ ቢጣመም፣ ቢቀልጥ እንኳ እዚያው እንደ እንክብል ይገኛል እንጂ አመድ ሆኖ አይበንም። ቢገልጥ ቢገልጥ አንድም ናስ የለም። ያገኘው በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ስብርባሪ ብሎኬት ነው።

ሳጅኑ አንዱን አንሥቶ አገላበጠው። «ውሃ በዚህ ይለካል?» አለ፤ ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

ግምጃ ቤቱ የተቃጠለው ያለውን ለመስረቅ አልነበረም። የሌለው እንዳይታይ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ የፋይናንስ ኃላፊ ቢሮ ገብተው ሲነግሩት ወንበሩ ላይ ሟሟ። ኢንስፔክተሩ ተጠርጣሪው እጁ የገባ መስሎት ነበር።

«እኔ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ካርቶን አልነካሁም» አለ ኃላፊው። «የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነበር። ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ በላይ አካል ይመለሳል፤ አንዴ ከተመለሰ ደግሞ አለቀለት። የተወካይዋ የርክክብ ፊርማ መጣልኝ፣ ከፈልሁ። እሷ ከፈረመች እኔ ማን ነኝና ካርቶን ልክፈት የምለው? ሰው ምን ይለኛል? ከተማው አያስኖረኝም።»

«ካርቶኑን ማንም አልከፈተም?»

«እትዬ ሚዛን ቆጥረውት?» አለ፤ ጥያቄው ራሱ ነውር የሆነበት ይመስላል። «ማን ይደፍራል?»

ኢንስፔክተሩ የዕለቱን ነገር አስታወሰ። እሱም ሰው መሀል ቆሞ ነበር። እትዬ እያንዳንዱ ካርቶን ከመኪናው ሲወርድ በዚያ የክፍል ድምፅዋ ስትቆጥር፣ ንብረት ኃላፊው ሲደግም፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ እሱም በኩራት አብሮ አጨብጭቧል። ካርቶን ይቆጠራል እንጂ አይከፈትም ነበር። መክፈት እሷን መጠርጠር ነውና ይሉኝታ ያዛቸው። ደንቡን ሲያወጡ ሌባ የሚገባበትን ሁሉ ዘግተዋል፤ ይህቺን ግን አላሰቡባትም።

እትዬን ያታለላት ሰው አለ ብሎ ደሙ ፈላ።

ሁለቱን ጓጉንቸር ከፍቶ የቆለፈ ሰው ሁለት ቁልፍ ነበረው። ያን ቀን ማምሻውን ይህንኑ ለእህቱ አነሣባት። ቁልፏን ሁልጊዜ በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፤ ገመዱ አልነበረም።

«ለልጁ ሰጥቼው ነበር» አለች ቀስ ብላ። ልጁ የምትለው ንብረት ኃላፊውን ነው፤ ያስተማረችው፣ ሥራም ያስገባችው እሷ ናት። «ጉልበቴን ስላመመኝ፣ ወዲያ ወዲህ ከምል ብዬ። ጥፋት ነው፤ አውቃለሁ። አመንሁታ ማሙሽ።»

ኢንስፔክተሩ እህቱ ይህን ያህል ስትዋረድ አይቶ አያውቅም። ልጁን በዚያው ሰዓት አሰረው።

ንብረት ኃላፊው ሚስቱ አራስ ነበረች። ከማዋለጃው በር ላይ ነው የያዙት። ኪሱ ሲፈተሽ የራሱ ቁልፍ እንኳ የለም።

«ቁልፍህስ?»

«ጠፋብኝ።»

«መቼ?»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቆጣሪዎቹን ሸጠህ ብሎኬት የሞላኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ካርቶን ከፍቼ አላውቅም ጌታዬ። በተቆጠረበት ሁኔታ ነው የተቀመጠው።»

«እትዬ ቁልፏን ለአንተ እንደሰጠችህ ነግራኛለች።»

ወጣቱ ቀና አለ። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው፤ አንገቱን ደፋ።

«እሳቸው… ናቸው ያሉት?»

«እሷ ናት።»

«እሳቸው ካሉ እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ።»

ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ ሲጋራውን እያሻሸ «አመነ ማለት ነው?» አለ።

«አመነ» አለ ኢንስፔክተሩ። ፋይሉ በማግስቱ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ግን ደስ አላለውም። ሲፈራ ዝም የሚል ሰው ብዙ አይቷል። ይህ ልጅ ግን ያፈረ ነበር የሚመስለው፤ በራሱ ሳይሆን በሌላ ሰው ያፈረ።

ጠዋት ፋይሉን ሳይልክ አራሷ ዘንድ ሄደ። ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ነርሷ ንብረት ኃላፊው ከምጡ ቀን ከሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ከዚያ ኮሪደር እንዳልተነቃነቀ፣ እንዲያውም እየተንጎራደደ እንዳስቸገራቸው ነግራዋለች። ሌሎች አባቶችም አይተውታል። ያ ቀን ግምጃ ቤቱ የተቃጠለበት ቀን ነው።

«ባልሽ ያን ቀን ሁለት ቁልፍ ይዞ ነበር?» አላት።

«ሁለት? አንዱንም አልያዘም» አለች። «ምጤ ሲፋፋም ታክሲ ይዘን ስንመጣ በመንገዳችን እትዬ ሚዛን ቤት አስቆመው። እኔ እዚያ ወንበር ላይ እየተቆረጥሁ ‹አንዴ ብቻ፣ ድንገት ዕቃ ቢመጣ በር እንዳይዘጋባቸው› ይለኛል። እሳቸው በር ላይ ወጡ። ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣቸው፤ ግንባሩን ሳሙትና ‹ይቅናችሁ› አሉን። በመስኮት አየኋቸው። እሱ ሰጥቶ ነው የመጣው ጌታዬ፣ ተቀብሎ አይደለም።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ትናንት ማታ እራት ባደረሰለት ዘመድ አስጠየቅሁት። ‹እሳቸውን እንዴት ውሸታም ልበላቸው?› ብሎ ላከብኝ። ‹ረስተውት ይሆናል፣ ራሳቸው ያስታውሱታል› አለኝ። እስካሁን እየጠበቃቸው ነው።» ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «አልመጡም።»

ኢንስፔክተሩ ወጥቶ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሴትየዋ ትዋሽ ይሆናል አለ። ቀጥሎ እትዬ በእርግጥ ረስታ ይሆናል አለ። ሁለቱም አልያዙለትም። ከዚያ በየማታው ሻይ እየገፋች «ምን አገኘህ?» ያለችው ትዝ አለው። ያገኘውን ሁሉ ነግሯታል፤ ቆርቆሮውን ሲነግራት ዘበኛው ሌባ ሆነ፣ ጓጉንቸሩን ሲነግራት ልጁ ታሰረ። ምርመራውን ይመራ የነበረው እሱ አልነበረም ለካ። ከደረጃው ተነሣ።

ወደ ሱቋ ሴት ተመልሶ ሄደ።

«ያን ዕለት እንግዳ ሰው አላየሁም ብለሽኛል።»

«አላየሁም።»

«የምታውቂውን ሰውስ?»

«የማውቀውንማ…» አለች፤ እየሳቀች። «እትዬ ሚዛን አለፉ። ከባድ ነገር በፌስታል ይዘው ወደ ግምጃ ቤቱ ሲታጠፉ ልሸከምልዎ ብላቸው ‹ተይው ልጄ› አሉኝ። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር፤ ደህና እደሪ ብለውኝ ሄዱ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ገና እዚህ ደጄ ላይ…» ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ምነው ጌታዬ? ምን ሆኑ?»

እትዬ በር የከፈተችለት እንደ ልማዱ ማታ ሳይሆን በቀን ነው። ሻይ አላቀረበችም። ፊቱን አይታ ወደ ውስጥ ተመለሰችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ቆመ።

«ልጁ ቁልፍ ሰጠሽ እንጂ አልተቀበለሽም» አላት።

 ከመሳቢያዋ ሁለት ቁልፎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

«ሳንቲም አልወሰድሁም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ገንዘቡ ሊመለስ ነው አሉኝ። ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል፣ ዕቃው አልደረሰም። ገንዘቡ ከተመለሰ ይህ ከተማ ቆጣሪ አያይም። ቆጣሪ አቅራቢው ነጋዴ ‹ፈርሚልኝ፣ ሕዝብ እንዲያይ ካርቶኑን ሞልቼ ልላክ፣ በሳምንቱ በእውነተኛው እቀይረዋለሁ› አለኝ። ለከተማው ብዬ ነው። ፈረምሁ። ከዚያ ስልኩን ዘጋ።»

«ብሎኬት መሆኑን እያወቅሽ ነው የቆጠርሽው? ጮክ ብለሽ? እኔ እያጨበጨብሁልሽ?»

«እሑድ ሊከፈት ነበር» አለች፤ ጥያቄውን አልመለሰችም። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ዕድሜዬን ሙሉ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው ማሙሽ። ቤቱ ይቃጠል፣ ዕቃው ተቃጠለ ይባል አልሁ። ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም።»

ኢንስፔክተሩ ሊጠይቃት ያልፈለገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰማሽው?»

እትዬ እጆቿን አየች።

«ቆልፌ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሁለቱንም ቆልፌ ነበር።»

«ቁልፎቹ እጅሽ ላይ ነበሩ።»

 ከዚያ ወዲያ ሊሰማት አልቻለም። መስረቋን ቢሰማ ይሻለው ነበር፤ ሌባ እህት ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። ይህቺ ግን የሚሞት ሰው እየሰማች በእርጋታ ተራምዳ ሄዳለች፤ ለሱቋ ሴት ደህና እደሪ ብላለች፤ ከዚያ ሟቹን ሌባ፣ ያመናትን ልጅ እስረኛ አድርጋ ለሱ ሻይ ቀድታለታለች። አሥር ዓመቱ እያለ ከትምህርት ቤት አንድ ጠመኔ ይዞ ቢመጣ ጆሮውን ይዛ ማታውኑ ያስመለሰችው ይህቺው ሴት ናት።

ቁልፎቹን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። «ተነሺ እትዬ።»

«አንተ?» አለች። «አንተ ነህ የምትወስደኝ? ለዚህ ነው ያሳደግሁህ?»

«ለዚህ ነው ያሳደግሽኝ» አለ። «ሌላ ምን አስተማርሽኝ?»

ሳጅኑ መኪናውን አስነሥቶ ደጅ ይጠብቅ ነበር። ኢንስፔክተሩ «ሂድና ልጁን ፍታው፤ ሚስቱ ጋ ራስህ አድርሰው። እኛ በእግር ነን» አለው። ሳጅኑ እትዬን አየ፣ አለቃውን አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው አጣና ሄደ።

መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው እየተነሣ እትዬን ሰላም አላት። እሷም ራሷን ዝቅ እያደረገች መለሰች። ወደ ጣቢያው በሚያስታጥፈው መንገድ ላይ ኢንስፔክተሩ አልታጠፈም። ወደ አባ ንቁ ቤት የሚወስደውን ጠባብ መንገድ ያዘ፤ እትዬ ወዴት እንደሚሄዱ ሲገባት እርምጃዋ ከበዳት፤ አልተመለሰችም ግን።

ደጁ ላይ ለለቅሶተኛ ወንበሮች ተደርድረዋል። የተቀመጠባቸው ሰው የለም። የሟች ሚስት ኮቴ ሰምታ ወጣች፤ እትዬን ስታይ እስካሁን ያልወጣው እንባዋ ግጥም አለ።

«እትዬ» አለች። «ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እርስዎ እንኳን መጡልኝ።»

ወንበር አነሣች፤ በእጅጌዋ አቧራውን ጠረገችና አቀረበችላት። እትዬ አልተቀመጠችም። ወደ ወንድሟ ዞረች፤ ልጅ ሆኖ እሱ ወደሷ ያይ እንደነበረው አየችው።

«ንገሪያት» አላት። «ጮክ ብለሽ፤ ጎረቤትም ይስማ።»

ሴትየዋ ወንበሩን እንደያዘች ቆማ ትጠብቃት ነበር።